የሊንከን ጓንት 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ የሊንከን ባርኔጣ ግን ማን ያውቃል?

በሜይ 2025 ቺካጎ ውስጥ አንድ ጥንድ ነጭ የቆዳ ጓንት ለጨረታ ቀረበ። ዕድሜ ያወየበው፣ ደም የነካው ጓንት ነው። አጫራቾቹ ከ800 ሺህ እስከ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ብለው ገምተው ነበር። ከነኮሚሽኑ 1.52 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ማታ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ፎርድ ቴአትር ሲተኮስባቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር የተባለ ጓንት ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ቀን 144 ዕቃዎች ቀርበው አብዛኞቹ ተሸጡ፤ በድምሩ ወደ 7.9 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ። የሊንከን መሐረብ ብቻውን ከ800 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። የገዳያቸውን የጆን ዊልክስ ቡዝን ፎቶ የያዘ የ"ይፈለጋል" ማስታወቂያ ደግሞ ከ760 ሺህ በላይ።

ዋጋው ያስደንቃል። እኔን ግን ከዋጋው ይልቅ የሽያጩ ምክንያት ነው የሳበኝ። ሻጩ ገንዘብ የተረፈው ሀብታም አልነበረም። በስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ የሚገኘውን የሊንከን ሙዚየም ለመደገፍ የተቋቋመ ፋውንዴሽን ነው። የሸጠውም ዕዳ ለመክፈል ነው። የዕዳው ታሪክ ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ባርኔጣ ላይ ያደርሰናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2007 ፋውንዴሽኑ ሉዊዝ ቴፐር ከተባሉ የካሊፎርኒያ ሰብሳቢ ከሺህ በላይ ዕቃዎችን ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። አብዛኛውን ገንዘብ ያገኘው ከባንክ ተበድሮ ነው። ከስብስቡ ውስጥ ዋና ጌጥ የነበረው ሊንከን ያደርጉት ነበር የተባለ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ነው። ለብቻው 6.5 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ሙዚየሙ ለጎብኚዎች ሲያሳየው ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት የተላጡ ቦታዎች ይጠቁም ነበር። ሊንከን ሰው ሰላም ሲሉ ባርኔጣቸውን ብድግ ያደርጉ ስለነበር የጣታቸው ምልክት ነው ይባል ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ማን ይጠራጠራል?

ግን ባርኔጣው ሊንከን ጋ መድረሱን ማን መሰከረ? ወረቀቱ ሲገለበጥ የሚገኘው በ1958 የተሰጠ አንድ የቃለ መሐላ ቃል ነው። ሊንከን ከሞቱ 93 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ቃሉን የሰጠው ዊልያም ዋለር የተባለ የደቡብ ኢሊኖይ ገበሬ ቤተሰብ ነው። ሊንከን ባርኔጣውን ለገበሬው የሰጡት በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ ዋሽንግተን ላይ ነው ይላል ቃሉ። በኋላ ታሪኩ ተቀየረ። ከዋሽንግተን ወደ ኢሊኖይ መጣ፣ ከጦርነቱ ዘመንም ወደ 1858 የምርጫ ክርክር ወደኋላ ሄደ። አንድ ገበሬ በጦርነት መሐል ዋሽንግተን ድረስ ምን ሊሠራ ሄደ የሚለውን ጥያቄ መመለስ ከባድ ስለሆነ ይመስላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዕቃው ያው ነው፣ ባርኔጣው አልተነካም። የተቀየረው ወሬው ብቻ ነው። ሰው ሲመሰክር ቦታውንም ጊዜውንም ካቀያየረ ቀበሌ ላይ እንኳ አያምኑትም።

በ2018 ጋዜጠኞች ነገሩን ሲጎለጉሉት ሌላ ጉድ ወጣ። ፋውንዴሽኑ ከዓመታት በፊት የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተቋም የሆነውን ስሚዝሶኒያንን ጨምሮ ከውጭ ባለሙያ አምጥቶ ባርኔጣውን አሳይቷል። ባለሙያዎቹ ማስረጃው አይበቃም ብለዋል። ኤፍቢአይም የዘረ መል ምርመራ አድርጎ የሊንከን ነው የሚያሰኝ ምንም ነገር አላገኘም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕዝቡ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ቀጥሎ የግዛቲቱ የታሪክ ባለሙያ ሳሙኤል ዊለር ለወራት መረመሩት። በ2019 መጨረሻ ባወጡት ሪፖርት ባርኔጣውን ከሊንከን ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አላገኘሁም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከሥራቸው ተነሱ።

ዕዳው ግን አልተነሳም። በ2018 ከስብስቡ ጋር አብሮ የተገዛ የተዋናይቷ የማሪሊን ሞንሮ ዕቃ ሳይቀር ለጨረታ ወጥቶ ነበር። (ሞንሮ የሊንከን አድናቂ ነበረች፤ በዚያ ሰበብ ነው ስብስቡ ውስጥ የገባችው።) ከዚያ የ2025ቱ ጓንት ተከተለ። ትክክለኛነቱ እምብዛም የማያጠራጥረው ዕቃ ተሸጦ፣ ከአጠራጣሪው ጋር የመጣውን ዕዳ ለመክፈል ዋለ። ለእኔ የዚህ ገበያ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለዕቃው ይመስላል እንጂ በእውነቱ የሚከፈለው ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ ለሚያሳየው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ የቀረው አሮጌ ባርኔጣ ነው።

ጥሩ የሚባለው ወረቀት ምን ይመስላል? ሌላ የሊንከን ባርኔጣ እንይ። በዚያች ምሽት አድርገውት የነበረው ባርኔጣ አሁን ስሚዝሶኒያን ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ጄ. ዋይ. ዴቪስ የተባለ ባርኔጣ ሠሪ የሠራው ነው፤ ለሞተው ልጃቸው ለዊሊ ኀዘን የታሰረ ጥቁር ጨርቅ አለው። ከግድያው በኋላ የጦር ሚኒስቴር ያዘው። ከዚያ ለፓተንት ቢሮ ተሰጠ፤ በ1867 ስሚዝሶኒያን ገባ። የተቋሙ ኃላፊ ጆሴፍ ሄንሪ ሕዝቡ ገና ስሜቱ አልበረደም ብለው ዕቃው እዚህ እንዳለ ለማንም እንዳትናገሩ አሉ። በሳጥን ሆኖ ምድር ቤት ተቀመጠ። ሕዝብ ያየው በ1893 ነው። ታሪኩ አሰልቺ ነው አይደል? ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመዝገብ ወደ መዝገብ። ግን ክፍተት የለውም።

ከኪሳቸው የወጣውም እንዲሁ ነው። ሁለት መነጽር፣ የመነጽር መወልወያ፣ ሰንጢ፣ መሐረብ፣ የቆዳ ቦርሳ። ከመነጽሮቹ አንዱ ማጠፊያው ላይ በክር ታስሯል። የአገር መሪ መነጽር በክር! ቦርሳው ውስጥ እሳቸውን የሚያሞግሱ የጋዜጣ ቁራጮች ነበሩ፤ የተገኘው ብር ደግሞ አንድ የአምስት ዶላር ኖት ብቻ ነው፣ እሱም የጠላታቸው፣ ተገንጣዮቹ የደቡብ ግዛቶች ያቋቋሙት የኮንፌዴሬሽኑ። ዕቃው ለልጃቸው ለሮበርት ተሰጠ፤ ቤተሰቡ ውስጥ ቆየ። በ1937 የልጅ ልጃቸው ሜሪ ሊንከን ኢሻም ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አስረከበች። እዚያም ካዝና ውስጥ ተቆልፎ እስከ 1976 ማንም ጎብኚ አላየውም። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ልጅ ወደ መንግሥት። ደላላ መሐል የገባበት የለም።

የቡዝ ሽጉጥም አለ። ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ዴሪንጀር የምትባል፣ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ። አሁን ፎርድ ቴአትር ሙዚየም ውስጥ ናት። በ1990ዎቹ "ኦርጅናሉ በ1960ዎቹ ተሰርቆ በፎርጅድ ተተክቷል" የሚል ወሬ ተናፈሰ። ሽጉጧ ኤፍቢአይ ላቦራቶሪ ሄደች። መርማሪዎቹ ያደረጉት ነገር ቀላልም ብልህም ነው። በ1930ዎቹ የተነሱ ፎቶዎችን አመጡ፤ የእጀታውን እንጨት መስመር አነጻጸሩ። እንጨት ላይ ያለ የተፈጥሮ ጥምዝምዝ ደግሞ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ሁለት አንድ ዓይነት አይገኝም። ስንጥቁም ጥምዝምዙም ገጠመ። ያቺው ሽጉጥ ናት ተባለ። ያለ አሮጌ ፎቶ ይህ አይቻልም ነበር። ዛሬ የስፖርተኞች ማሊያ የሚያረጋግጡ ሰዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ጥይቷስ? ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። እዚያ አካባቢ የሚኖረው አበሻ ብዙ ስለሆነ ነው ያነሳሁት። ክትፎ ከሚበላበት ቤት ብዙም ሳይርቅ የጤናና ሕክምና ብሔራዊ ሙዚየም አለ። የሊንከን ጥይትና ጥቂት የራስ ቅላቸው ስብርባሪ እዚያ በመስታወት ውስጥ ይታያል። ሬሳውን የመረመሩት የጦር ሐኪሞች ናቸው፤ ማስረጃው ከመንግሥት እጅ አልወጣም።

አሁን ወደ ተበላሸው እንምጣ። ሊንከን በዚያች ምሽት ለብሰውት የነበረው ካፖርት የብሩክስ ብራዘርስ ሥራ ነው። ገበሩ ላይ ንስርና "አንድ አገር፣ አንድ ዕጣ ፈንታ" የሚል ጽሑፍ ተጠልፎበታል። ባለቤታቸው ሜሪ ለአልፎንሶ ደን፣ ለዋይት ሐውስ በረኛ ሰጡት። በረኛው ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ቤተሰቡ ካፖርቱን እስከ 1968 አልሸጠም። ግን ሰው ቤት እየመጣ ይለምናል። "ትንሽ ቁራጭ ብቻ።" እንቢ ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ደም ከነካው ገበር እየተቀደደ ተሰጠ። በመጨረሻ እጅጌው ከትከሻው ተላቀቀ። ዛሬ ፎርድ ቴአትር ያለው ካፖርት የተቦጫጨቀ ነው።

ጉዳቱ ካፖርቱ ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ካፖርት አንድ ታሪክ አለው። መቶ ቁራጭ ሲሆን መቶ ታሪክ ይኖረዋል። የቁራጭ ጨርቅ ባለቤት "ከሊንከን ካፖርት ነው" ሲል የሚያስረዳለት ነገር አያቱ የጻፉት ብጣሽ ወረቀት ነው፤ ካለ። የቁራጭ ጨርቅ ፎርጅድ መሥራት ደግሞ የካፖርት ያህል አያስቸግርም። አሁን አሁን አንድ ክር ወይም አንድ ዘለላ ፀጉር በካርድ ውስጥ ታሽጎ ከነ ሰርተፍኬቱ የሚሸጥበት ዘመን ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ካርድ አልገዛም። እውነተኛ ቢሆን እንኳ ለካርዱ ሲባል የሆነ ነገር ተቆርጧል።

ፀጉር ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን የሞተን ሰው ፀጉር ቆርጦ ማስቀመጥ የተለመደ የኀዘን ወግ ስለነበር የሊንከን ፀጉር በርከት ብሎ ይገኛል። በ2020 ቦስተን ላይ የተሸጠው ምሳሌ ይሆናል። ሬሳው ሲመረመር የተቆረጠ፣ ለወይዘሮ ሊንከን ዘመድ ለዶክተር ላይማን ቢቸር ቶድ የተሰጠ ዘለላ ነው። ዶክተሩ የሚጠቀልልበት ስላጣ ኪሱ የነበረ ቴሌግራም ውስጥ ጠቀለለው። ቴሌግራሙ ለዶክተሩ ለራሱ የተላከ፣ የዚያችው ምሽት ነው። ደም ነክቶታል። በ1945 የዶክተሩ ልጅ ፀጉሩ ከቤተሰባችን ወጥቶ አያውቅም ብሎ በደብዳቤ አረጋገጠ። ፀጉሩ ከ81 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። ያለ ቴሌግራሙ ግን ማንም እዚህ ግባ የማይለው ጥቁር ጠጉር ነው።

ዘረ መል አይፈታውም ወይ ትሉ ይሆናል። ዘረ መል የሚያመሳክሩት ነገር ይፈልጋል። የሊንከን የመጨረሻው የታወቀ ተወላጅ በ1985 ሞቷል። የቀሩት ቅርሶች ደግሞ በብዙ ሰው እጅ ስለተዳሰሱ ናሙናው የማን እንደሆነ መለየት ያዳግታል። መፍትሔው ወረቀት ነው፣ አሁንም። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ2019 ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲመለስ የማን ፀጉር ነው የሚል ክርክር ጎልቶ ያልተነሳው ለዚሁ ነው። የሰጡት ንጉሡን ሞተው ሳሉ የሣለው ሠዓሊ ዘመዶች ናቸው፤ ከመቅደላ የመጣበት መንገድ ይታወቅ ነበር።

ዕቃው እውነተኛ ሆኖ ወሬው ሲሳሳትም አለ። ሊንከን ተቀምጠውበት የነበረው ተወዛዋዥ ወንበር ሚሺጋን፣ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ነው። መኪና ሠሪው ሄንሪ ፎርድ በ1929 በ2,400 ዶላር አስገዙት። ጎብኚው ሁሉ መደገፊያው ላይ ያለውን ጥቁር እድፍ እያየ "ደሙ!" ይላል። ሙዚየሙ ግን የፀጉር ቅባት ነው ይላል። ወንበሩ ከሊንከን በፊት የቴአትር ቤቱ ሠራተኞች ጭንቅላታቸውን የሚያስደግፉበት ነበር። እውነተኛው ወንበር ነው፤ እድፉ ግን የሠራተኞቹ ነው።

የቺካጎው ከረሜላ ነጋዴ ቻርልስ ጉንተር ደግሞ የዚህ ገበያ አስቂኝ ገጽ ነው። ሊንከን የሞቱበትን አልጋ ገዛ። አልጋው እውነተኛ ነው፤ ሊንከን ከመርዘማቸው የተነሳ በሰያፍ ነበር የተኙበት፤ ዛሬ ቺካጎ ታሪክ ሙዚየም ይታያል። ጉንተር ግን በዚያው ስብስብ ውስጥ ሔዋንን ያሳታት እባብ ቆዳ ነው የተባለ ነገርም ነበረው። ከነማረጋገጫው! አልጋውንም እባቡንም ያመነው በአንድ ዓይን ነው ማለት ነው። ሰብሳቢ ዕቃውን ሲወድ መጠየቅ ያቆማል።

ከሊንከን ወደ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ስንመጣ ዘመኑ ቅርብ ስለሆነ ነገሩ የሚቀል ይመስላል። አልቀለለም። በ1990ዎቹ ሎውረንስ ኩሳክ የተባለ ሰው አባቴ የኬኔዲ ምስጢራዊ ጠበቃ ነበር አለ። ከማሪሊን ሞንሮ ጋር የተደረገ የአፍ መዝጊያ ውል ነው ያለውን ጨምሮ ብዙ "የኬኔዲ ወረቀት" አወጣ። (ሞንሮ እዚህም አለች።) ከመቶ በላይ ገዢዎች በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ከፈሉ። እውነት ነው ብሎ ያመነ ባለሙያም አልጠፋም። አጭበርባሪው የእጅ ጽሑፉን አሳምሮ ቀድቷል። የጣለው አድራሻው ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ዚፕ ኮድ፣ ማለትም የፖስታ አካባቢ ቁጥር፣ ተጽፎ ተገኘ፤ ዚፕ ኮድ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በጁላይ 1963 ነው፣ ወረቀቱ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው የተባለው። ስህተቱ የታረመበት የጽሕፈት መኪና ሪባንም ኬኔዲ ከሞቱ በኋላ በ1970ዎቹ የወጣ ዓይነት ነበር። በ1999 ተፈረደበት፤ ወደ አሥር ዓመት እስር።

የዳላሱ መስኮትም አለ። የኬኔዲ ገዳይ የተባለው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ተኮሰበት የሚባለው የመጻሕፍት መጋዘን ስድስተኛ ፎቅ መስኮት። የሕንጻው ባለቤት ከግድያው በኋላ አስነቅሎ ቤቱ ሰቀለው። በ2007 ቤተሰቡ ኢቤይ ላይ አወጣው፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠራ። ሽያጩ ግን አልተፈጸመም። በኋላ ሕንጻውን የገዛ ሌላ ሰው ደግሞ ሰዎቹ የነቀሉት የተሳሳተ መስኮት ነው፣ እውነተኛው እኔ ጋ ነው አለ። አንድ ተኳሽ፣ ሁለት መስኮት። ሁለቱም ከዚያው ሕንጻ መጥተዋል፤ በዓይን አይለዩም።

መንግሥት ከዚህ ተምሯል። ከሊንከን ጊዜ በተለየ፣ ኮንግረስ በ1965 የኬኔዲ ግድያ ማስረጃዎች የመንግሥት እንዲሆኑ ሕግ አወጣ። አንድ ሰብሳቢ የኦስዋልድን ጠመንጃ ከሚስቱ ላይ ገዝቶ ነበር፤ ጠመንጃው ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ወይዘሮ ኬኔዲ በግድያው ዕለት ለብሰውት የነበረው ሮዝ ልብስም እዚያው አለ፣ ሳይታጠብ። ልጃቸው በሰጠችው ውል መሠረት እስከ 2103 ለሕዝብ አይታይም። ፊልም ሲሆን ደግሞ ካሳ ተከፈለ፤ አብርሃም ዛፕሩደር ግድያውን የቀረጸበትን ፊልም መንግሥት ሲወስድ ለቤተሰቡ 16 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ሰው "ኦርጅናል ነው ወይ?" ከሚለው ጎን ሌላም መጠየቅ አለበት፤ ሻጩ የመሸጥ መብት አለው ወይ? የኦስዋልድ ሬሳ በ1981 ሲወጣ የመጀመሪያው ሣጥን ተበላሽቶ ስለነበር በሌላ ተቀበረ። አሮጌውን ሣጥን ቀባሪው ድርጅት አስቀመጠው። በ2010 ከ87 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ሣጥኑ እውነተኛ ነው፣ ማንም አልተጠራጠረም። ወንድሙ ግን ከሰሰ፤ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ እናንተ ምን አገባችሁ አለ። በ2015 ፍርድ ቤት ለወንድሙ ፈረደ።

ጨረታ ለመግባት የሚያስብ ካለ ካታሎጉን ሲያነብ ስሙን ሳይሆን ግሱን ያንብብ። "የሊንከን መነጽር" የሚልና "የሊንከን እንደነበረ በቤተሰብ የሚነገር መነጽር" የሚል አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን የጻፈው ሰው ኃላፊነቱን ከራሱ ላይ አውርዶ እናንተ ላይ ጭኗል። ሰርተፍኬቱን ማን እንደጻፈው እዩ። ሻጩ ራሱ ከሆነ ማስታወቂያ ነው። ዋጋ የገመተው ሰው ደግሞ ዕቃው እውነተኛ ነው የሚለውን እንደ መነሻ ተቀብሎ ነው የሚገምተው፤ የስፕሪንግፊልዱ ባርኔጣ 6.5 ሚሊዮን ዶላር የተባለው እንዲያ ነው። መሐሉ ላይ ሠላሳና አርባ ዓመት የሚጎድልበት ታሪክ ካያችሁም ያንን ጉድለት ሻጩ በምን እንደሚሞላው በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ገንዘባችሁን የምታስመልሱት፣ ካስመለሳችሁ፣ በዚያ ወረቀት ነው።